ክንዱ ዝም ያለ ቀን

አጎቴ ከመተኛቱ በፊት ግራ ክንዱን አንስቶ ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ላየው ሰው ስልክ የሚያወራ ይመስላል። ጥቂት ያዳምጥና "አለ" ይላል። ከዚያ መብራት ያጠፋል።

አለ የሚለው የደሙን ድምፅ ነው። ከእጁ አንጓ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቆዳው ሥር፣ ደም ሹሹ እያለ ይሮጣል። ጣት ሲያርፍበት ይንዘረዘራል፤ ቫይብሬት ላይ ያለ ስልክ ሲጠራ እንደሚያደርገው። የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ይህን ንዝረት ከልብ ምታቸው በላይ ነው የሚከታተሉት።

አንድ እሑድ ማታ "የለም" አለ።

ሚስቱ ሞከረች። እኔም ሞከርኩ። ክንዱ ዝም ብሏል። የሚታጠብበት ቦታ ደወልን። ስልኩን ያነሳው ልጅ "ማክሰኞ ተራው አይደል? ያን ቀን ይታያል" አለን። እኛም አላወቅንም፣ ጠበቅን። ማክሰኞ ሲታይ ደሙ ረግቶ፣ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ጠጥሮ ተገኘ። አንገቱ ላይ ካቴተር የሚባል የእጥበት ቱቦ ገባለት። ሁለት ዓመት ያገለገለው ክንድ በዚያው ቀረ።

የቦታውን ስም አልጠራም። ልጁም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ማንም ያልነገረውን ነገር ከየት ያምጣ? እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ያ ክንድ መዳን ይችል ነበር? ስጠይቅ ከረምኩ። መልሱ፣ ብዙ ጊዜ አዎ ነው። ያውም ሥጋ ሳይቀደድ፣ በመርፌ ቀዳዳ በሚገባ ትንሽ ፊኛ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የእጥበት ማሽን በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ደም ይፈልጋል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አስቡ። ከአራት ሦስት እጁ ያህል በየደቂቃው ከሰውነት ይወጣል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ይህ አራት ሰዓት ይቀጥላል። ተራ የክንድ ደም መልስ፣ ደሙን ወደ ልብ የሚመልሰው ደም ሥር፣ ይህን ያህል አይሰጥም። ደም ቅዳው ይሰጣል፤ እሱ ግን ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ በየሳምንቱ እየተወጋም አይኖርም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። ከልብ በኃይል የሚመጣው ደም በአቋራጭ ወደ ደም መልሱ ይገባል። ደም መልሱም በሳምንታት ውስጥ ይወፍራል፣ ግድግዳው ይጠነክራል፣ መርፌ ይችላል።

ይህን ዘዴ ኒውዮርክ ውስጥ እነ ብሬሺያና ቺሚኖ የተባሉ ሐኪሞች በ1966 እ.ኤ.አ. ለዓለም አሳወቁት። ከዚያ በፊት በ1960 ሲያትል ላይ ስክሪብነር የተባለው ሐኪም ከክንድ ውጭ የሚንጠለጠል የፕላስቲክ ቱቦ ነበር የሚጠቀመው። ቱቦው ይረጋል፣ ያመረቅዛል። በራስ ደም ሥር የሚሠራው መንገድ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እስካሁንም ለአብዛኛው ሰው ተመራጩ እሱ ነው። ሐኪሞች ደህና መድረሱን የሚለኩበት የስድስት ሕግ አላቸው። በስድስት ሳምንት፣ በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትር ደም፣ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከቆዳ ሥር ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጥልቀት።

ስሙ ፊስቱላ ነው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጣጣ አላት። በዚህ ከተማ ፊስቱላ ሲባል ሰው ቶሎ የሚታወሰው በ1974 እ.ኤ.አ. ሐምሊኖች የከፈቱት ሆስፒታልና በወሊድ የተጎዱ እናቶች ናቸው። አጎቴ ለእድሩ ሰዎች "ፊስቱላ ተሠራልኝ" ብሎ የፈጠረውን ዝምታ አልረሳውም። ቃሉ በሁለት ነገሮች መሃል የተከፈተ መተላለፊያ ማለት ነው፤ የክንዱ ግን ሆን ተብሎ የተከፈተ ነው። ከዚያ በኋላ "መስመር" ማለት ጀመረ። እኔም እንደዚያው ልበለው።

መስመሩ ለምን ይጠባል? ደም መልስ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም። ለዝግተኛ ደም የተሠራ ስስ ቧንቧ ነው። ድንገት የደም ቅዳ ግፊት ሲለቀቅበት፣ ደሙም መገናኛው ላይ ሲዞርና ሲማታ፣ የውስጥ ሽፋኑ ይቆጣል። ራሱን ለመከላከል ይወፍራል። ወደ ውጭ ቢሆን ባልከፋ፤ ወደ ውስጥ ነው የሚወፍረው። በዚያ ላይ በየእጥበቱ ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች አሉ። አንገት ላይ ወይም ከአንገት በታች ባለው አግድም አጥንት ሥር ካቴተር ገብቶ ከነበረ ደግሞ፣ ካቴተሩ ያለፈበት ትልቁ ደም ሥር ውስጥ ጠባሳ ይቀራል።

ትንሽ ጥበት ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ፊዚክሱ ጨካኝ ነው። በቧንቧ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ የሚወሰነው በስፋቱ አራተኛ ደረጃ ነው። ስፋቱ በግማሽ ቢቀንስና ግፊቱ ባይለወጥ፣ በዚያ ቦታ የሚያልፈው ግማሽ አይሆንም፤ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ሕያው ደም ሥር እንደ መማሪያ መጽሐፍ ቧንቧ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ቁጥሩ ልክ እንዲህ አይመጣም። አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። ለዚህ ነው መስመሩ ለወራት ደህና መስሎ ቆይቶ በአንድ ሳምንት የሚያልቅለት። ደሙ ሲዘገይ ይረጋል። ከእጥበት በኋላ የደም ግፊት ሲወርድ፣ ሰውነት ውሃ ሲያጥረው፣ ክንዱን ተንተርሰው ሲተኙበት ደግሞ ያኔ ነው የሚቆርጠው።

አሁን አንድ ጎማ እናስብ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዛችሁ መሃሉን በአውራ ጣት ብትጫኑት፣ ከጣታችሁ በፊት ያለው ጎማ ይወጠራል፣ ይመታል። ከጣታችሁ በኋላ ያለው ይረግባል። ክንድም እንደዚሁ ነው፤ ምልክቱ የሚለየው ጥበቱ የት ነው በሚለው ነው። ጥበቱ ከመርፌዎቹ በፊት፣ መገናኛው አጠገብ ከሆነ መስመሩ ልፍስፍስ ይላል። ማሽኑ ሲስብ ደም ያጥረዋል፣ አላርሙ ይጮኻል። ጥበቱ ከመርፌዎቹ በላይ፣ ወደ ትከሻ ከሆነ ደግሞ መስመሩ ይወጠራል። ለስላሳው ንዝረት ይቀርና እንደ ልብ ድም ድም ይላል። ደሙ ወደ ሰውነት ሲመለስ ማሽኑ ላይ የሚነበበው የመልስ ግፊት ይጨምራል። መርፌው ሲነቀል ደሙ አልቆም ይላል፤ አሥር ደቂቃ ይበቃው የነበረው ሃያ፣ ሠላሳ ይሆናል። ጥበቱ ደረት ውስጥ ካለም ክንዱ በሙሉ ያብጣል፣ ቀለበት አይወጣም።

አጎቴም ከእነዚህ ምልክቶች ነበሩበት። መስመሩ ከመርጋቱ ከወር በፊት ጀምሮ መርፌው ሲነቀል ጎዙን ይዘን የምንቆየው እየረዘመ ነበር። ሸሚዙ ደም እየነካው ይመጣል፤ ሚስቱ "ዛሬም?" እያለች ትዘፈዝፈዋለች። ማሽኑም ይጮህ ነበር። ሲስተሯ ትመጣለች፣ ቁልፍ ትጫናለች፣ ድምፁ ይቆማል። ሁላችንም አይተናል። አላገናኘነውም።

የማይታይ ምልክትም አለ። መስመሩ የሚያሳልፈው ደም ማሽኑ ከሚስበው ሲያንስ፣ ማሽኑ አሁን አጥቦ የመለሰውን ደም መልሶ ይስበዋል። የታጠበው እንደገና ይታጠባል። ሰውየው አራት ሰዓቱን ሙሉ ተኝቶ ይውላል፣ ይከፍላል፣ መርዙ ግን ሰውነቱ ውስጥ ነው። በሳምንት ሦስቴ መታጠብ ሲገባው በገንዘብና በቦታ ችግር ሁለቴ ብቻ የሚታጠብ ሰው በዚህች ከተማ ብዙ ነው። የእሱ መስመር ሲጠብ ከሁለቱም ላይ ይቀነስበታል ማለት ነው።

ሕክምናው ምን ይመስላል? ሐኪሙ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ወይም በቀለምና በራጅ ጥበቱን ያገኛል። ቆዳው ይደነዝዛል፤ ሙሉ ማደንዘዣ የለም። መርፌ ይገባል፣ በመርፌው ውስጥ እንደ ክራር ክር የቀጠነ ሽቦ። ሽቦው ጥበቱን ሾልኮ ያልፋል። በሽቦው ላይ የተጨማደደ ፊኛ እየተገፋ ይሄድና ልክ ጥበቱ መሃል ይቆማል።

በነገራችን ላይ ይህን ለታማሚ በአማርኛ ማስረዳት ቀላል አይደለም። አጎቴ "በፊኛ ይከፈታል" ሲባል ደነገጠ። "ኩላሊቴ አልበቃ ብሎ ፊኛዬ ደግሞ ምን ሆነ?" አለ። ሐኪሙ ሳቀና "ጋሼ፣ የልደት ፊኛ ይበሉት" አለው። አሁን ብዙዎቹ ሐኪሞች በእንግሊዝኛው "ባሉን" ማለቱን መርጠዋል።

ስለ ልደት ፊኛ ካነሳን፣ ይሄኛው እንደሱ ለስላሳ አይደለም። የመኪና ጎማ የሚነፋው በሁለት ከምናምን አትሞስፌር ነው። ለዚህ ጥበት የሚሠራው ፊኛ 20 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። የሚነፋውም በአየር ሳይሆን በፈሳሽ ነው። የእጥበት መስመር ጥበት ከልብ ደም ሥር ጥበት ይለያል። እዚያ ስብ ነው፤ እዚህ እንደ ጅማት የጠነከረ ሥጋ ነው፣ እምቢ ይላል። ስክሪኑ ላይ ፊኛው መጀመሪያ መሃሉ እንደ ተርብ ወገብ ገብቶ ይታያል። ግፊቱ ሲጨምር ወገቡ ይጠፋል። ያኔ ያማል፤ ደቂቃ ሁለት ደቂቃ። ፊኛው ሲረግብ ሕመሙም አብሮት ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቅና ሰውየው በዕለቱ ቤቱ ይገባል።

የጠበበን ደም ሥር በቀጭን ቱቦ የመክፈቱ ሐሳብ አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር በ1964 እ.ኤ.አ. በአንዲት ሴት እግር ላይ የጀመረው ነው። በ1977 ግሩንትዚግ የተባለ ሐኪም ዙሪክ ላይ በፊኛ የልብ ደም ሥር ከፈተ። የክንድ መስመር ከዚያ የተማረ ነው። ለእጥበት ሰው ትልቁ ጥቅሙ ግን ቁስል ማነሱ አይደለም። በዚያው ክንድ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ መታጠብ መቻሉ ነው። አንገት ላይ ካቴተር አያስፈልግም። ካቴተር ማለት ደግሞ ወደ ልብ የተከፈተ በር ነው፤ ጀርም በእሱ ከገባ የሚገባው ደም ውስጥ ነው።

ፊኛው ተአምር እንዳልሆነም መነገር አለበት። ግማሽ ያህሉ በስድስት ወርና በአንድ ዓመት መሃል ተመልሶ ይጠባል። ፊኛው ራሱ ሲዘረጋ የደም ሥሩን ግድግዳ ይጎዳዋል፣ ጉዳቱም ደግሞ ያወፍረዋል። ለዚህ መድኃኒት የተቀባ ፊኛ ተሠርቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. በ330 ሰዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒት በተቀባው 82 በመቶ፣ በተራው 59 በመቶ ገደማ ክፍት ሆኖ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ደግሞ በ212 ሰዎች ላይ ሞክሮ ልዩነት አላየም። የኔ አስተያየት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለእሱ መሯሯጥ ገና ነው። ተራውን ፊኛ በሰዓቱ ያላገኘ ሰው ስለተቀባው ምን ገዶት?

ደሙ ከረጋ በኋላስ? ያኔም ተስፋ አለ፤ ግን በሰዓት የሚቆጠር ተስፋ ነው። የረጋውን በሚያሟሟ መድኃኒት ወይም በሚያወጣ ቱቦ ማጽዳት ይቻላል። ወይም ሐኪሙ በትንሽ ቀዳዳ ፎጋርቲ የሚባለውን ፊኛ አስገብቶ ይጎትተዋል። ከዚያ ጥበቱ መከፈት አለበት፤ አለዚያ ነገ ተመልሶ ይረጋል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ ቢዘገይ በሁለት ቀን ውስጥ ሲሆን ነው የሚያምረው። ከእሑድ ማታ እስከ ማክሰኞ ከሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ አሁን አውቃለሁ።

እንግዲህ ከተማዋን እንያት። ከመሃል አዲስ አበባ ሳንርቅ ዘውዲቱ አለ፣ ምኒልክ አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ። ትንሽ ወጣ ሲሉ ጳውሎስ አለ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2015 እ.ኤ.አ. የተደረገው እዚያ ነው። የግል የእጥበት ማዕከላትም በየሰፈሩ በዝተዋል። ለልብ ሥራ የተተከሉ ካት ላብ የሚባሉት ክፍሎችም አሉ፤ ፊኛው የሚሠራው እንዲህ ባለ ክፍል ነው። አልትራሳውንድማ በየክሊኒኩ ነው። የጎደለው ክር ነው። እጥበቱ አንድ ቦታ፣ መስመሩን የሠራው ሐኪም ሌላ ቦታ፣ አልትራሳውንዱ ሦስተኛ፣ ፊኛው አራተኛ ቦታ። በመሃል ያለው ታማሚው ነው፤ የተጣጠፈ ሪፈር ወረቀት ይዞ። ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር የምታየው ሲስተር ጥበቱን የሚከፍተውን ሐኪም አታውቀውም። ሐኪሙም ስለ ክንዱ የሚሰማው ከረጋ በኋላ ነው።

አጎቴ ካዛንቺስ እያለ ወደ እጥበት በእግሩ ነበር የሚሄደው። ሰፈሩ ፈርሶ ከተማው ዳር ገላን ጉራ ሲገባ መንገዱ ራሱ ሕመም ሆነ። በሌሊት ይነሳል። ሲመለስ ግፊቱ ወርዶ፣ ታክሲ ውስጥ ክንዱን ተንተርሶ ያንቀላፋል። ይህን ለሐኪም ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ከተኛም በዚያኛው ጎን ይሁን" አለኝ። ሚስቱ አሁን ሁልጊዜ በግራው በኩል ነው የምትቀመጠው።

ገንዘቡም አለ። ፊኛው ከውጭ ይመጣል፣ የሚገዛው በዶላር ነው፣ የተሠራው ለአንድ ጊዜ ነው። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የእንዲህ ያለው ዕቃ ነገር የታወቀ ነው። ሜክሲኮ ወይ ስታዲየም ስታልፉ ፎቶ የተለጠፈበት መኪና ታያላችሁ። በድምፅ ማጉያ "ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል" ይላል። ሰው ለእጥበት ይሰጣል፣ ለንቅለ ተከላ ይሰጣል። "ደም ሥሬ ጠቦብኝ ነው" ብሎ የሚለምን ግን አላየሁም። ቢለምንም ማን ይገባዋል? ሒሳቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ያለ መስመር የተከፈለው የእጥበት ገንዘብ ፈሰሰ ማለት ነው። ካቴተሩ ካመረቀዘ አልጋው፣ አንቲባዮቲኩ፣ አስታማሚው ይከተላል። ሰው ደግሞ ያሉት ሁለት ክንዶች ናቸው። እያንዳንዱም ላይ መስመር የሚሆኑት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ሲባክን ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ ፊኛውን ከማብዛት በፊት ጣት ነው የሚቀድመው። መርፌ ከመግባቱ በፊት ክንዱን ማየት፣ መዳሰስ፣ ማዳመጥ። ክንዱን ከራስ በላይ ማንሳት፤ ደህና መስመር ሲነሳ ይሟሽሻል፣ ከላይ የጠበበው ግን ተወጥሮ ይቀራል። ይህ አንድ ደቂቃ አይወስድም፣ ሳንቲም አያስወጣም። ከዚያ የመልስ ግፊቱን በየጊዜው መጻፍ፤ ፓምፑ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ፣ መርፌውም ተመሳሳይ ሆኖ። አንድ ቀን ከፍ ማለቱ ብዙ አይደለም። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከወጣ ግን አልትራሳውንድ ነው። አልትራሳውንዱ ከግማሽ በላይ ጥበት ካሳየ፣ ምልክቱም ካለ፣ ያኔ ፊኛ።

ምልክቱም ካለ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን የ2019 እ.ኤ.አ. መመሪያ፣ ምንም ችግር በሌለበት መስመር ላይ ጥበት ታየ ተብሎ ብቻ ቀድሞ ፊኛ መንፋትን አይመክርም። ዕቃው ሲገባ ገበያውም አብሮ ይገባልና ይህን ልብ ማለት ደግ ነው። ሌላው ጥሩ ዜና፣ ፊኛውን ያለ ራጅና ያለ ቀለም፣ በአልትራሳውንድ ብቻ እየተመለከቱ መሥራት ይቻላል። ለክንድ ጥበት ይሠራል፣ ደረት ውስጥ ላለው አይሆንም። ካት ላብ ወረፋ በሆነበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አጎቴ ከሦስት ወር ካቴተር በኋላ ላይኛው ክንዱ ላይ ሁለተኛ መስመር ተሠራለት። ማዕከሉንም ቀየርን። በስምንተኛው ወር አዲሷ ሲስተር ማሽኑን አየች፣ ክንዱን ዳሰሰች፣ "ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ወደ ላይ" አለችው። አነሳ። መስመሩ እንደተወጠረ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ፊኛው ተነፋለት፣ በአራተኛው በዚያው ክንድ ታጠበ።

ከዚያ ወዲህ የልጁን አሮጌ ደብተር ይዞ ነው የሚሄደው። ቀኑን፣ የፓምፑን ፍጥነት፣ የመልስ ግፊቱን፣ ደሙ ለመቆም የፈጀውን ደቂቃ ይጽፋል። ሲስተሮቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ አሁን ቁጥሩን ራሳቸው ይነግሩታል። አጠገቡ የሚታጠበው ሰውዬም አንድ ደብተር ገዝቷል። የትናንቱ ረድፍ ላይ የመልስ ግፊቱ 140 ይላል። ያለፈው ቅዳሜም 140 ነበር።